ድምፅ ተምረው የመጡት ወንድማችን

የሟች ታላቅ ወንድም ሰኔ 26 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በፊልም ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ደጃፍ፣ እናቱ ባሉበት፣ በድምፅ መምህሩ ተሰድቧል። የሕይወት ታሪክ በልደት መጀመር እንዳለበት ይታወቃል፤ ይህን እንዲጽፍ የታዘዘው ታላቅ ወንድማቸው ከሰባተኛ ክፍል ቢያቆምም ያን ያህል አይጠፋውም። ነገር ግን የሁለቱ ወንድማማቾች ሕይወት የተለያየው በዚያ ቀን ስለሆነ ቀኑ ከሁሉ በፊት ተጽፏል።

ሟች ከአናጺ አባታቸውና በልብስ ስፌት ከሚተዳደሩት እናታቸው ሚያዝያ 9 ቀን 1974 ዓ.ም. ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው ከሚሠሩት ጣሪያ ላይ ወድቀው ዐረፉ። በዚያው ሳምንት የአሥራ አራት ዓመቱ ታላቅ ወንድማቸው ደብተሩን አስቀምጦ ፎቶ ቤት ተቀጠረ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ሲያጥብ እጁ በመድኃኒቱ ተላላጠ። ይህ የተጻፈው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ማን ምን ሆኖ ማን እንደተማረ እንዲታወቅ ያህል ነው።

ሟች በልጅነታቸው ጆሯቸው ለጉድ ነበር። እናታቸው ስፌት ላይ እያሉ መርፌው ሊሰበር ሲል ቀድመው ይሰሙት ነበር። «እማዬ፣ አቁሚ!» ብለው ሳይጨርሱ መርፌው ቀጭ ይላል። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት፣ ከክፍላቸው ከሦስተኛ ሳይወርዱ፣ በ1992 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ወንድማቸው በ1990 ዓ.ም. የቪዲዮ ቤት ሲከፍት፣ ሟች ከትምህርት ሲመለሱ ገመድ እየጠቀለሉና መብራት እየተሸከሙ ሠርግ ለሠርግ አብረውት ዞረዋል። በሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም «ወንድማማቾች ቪዲዮ» የሚል ተጽፎ ነበር።

በመስከረም 1993 ዓ.ም. ግን ፊልም ትምህርት ቤት ገቡ። የመረጡትም ካሜራ ሳይሆን ድምፅ ነበር። ወንድማቸው «ይሄ ሥራ በእጅ ነው የሚለመደው። ደግሞ ለመስማት ትምህርት ምን ይሠራል? ጆሮ የለህም እንዴ?» አላቸው። ሟችም «ጋሼ፣ ጆሮማ አለኝ። የሰማሁትን ምን እንደማደርገው ነው የማላውቀው» ብለው መለሱ። አራት ዓመት ተማሩ።

ስድቡ የተሰደበው በምርቃታቸው ቀን ነው። መምህሩ አንገታቸው ላይ ሻርፕ የጠመጠሙ ቀጭን ሰው ነበሩ። ወንድምየውን «አንተስ ምን ትሠራለህ?» ብለው ጠየቁት። «ካሜራ ማን ነኝ» አለ። «የት?» «ሠርግ ላይ።» መምህሩ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው «እሱማ ካሜራ ማን አይባልም፤ እግር አውጥቶ የሚሄድ የካሜራ ማቆሚያ ነው» አሉ። ደጃፉ ላይ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እናታቸው ነገሩ ባይገባቸውም ሰው ሲስቅ ፈገግ አሉ። ሟችም ሳቁ። ከአፍንጫ የወጣች አጭር ሳቅ ነበረች። እናታቸው ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን የምርቃት ፎቶ ከዚያ በኋላ ያነሣው ያው የካሜራ ማቆሚያ የተባለው ነው።

ሟች ዲፕሎማቸውን በፕላስቲክ ማኅደር ይዘው ሁለት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። አንዱ «የሥራ ልምድስ?» ይላቸዋል፤ ሌላው «የድምፅ ባለሙያ? ካሜራው ራሱ ይቀዳ የለ እንዴ?» ብሎ ይመልሳቸዋል። የጫማቸው ሶል አለቀ። ምሳ ላይ ወንድማቸው «እሺ ምሁሩ፣ ዛሬስ ስንት ፊልም ሠራህ?» ይላቸው ነበር። ይህ ቀልድ በየቀኑ እየተደገመ ቀልድነቱ ቀርቶ ነበር፤ ወንድማቸው ግን አልተወውም። በመጨረሻ በ1998 ዓ.ም. ወደ ሱቁ ተመልሰው ገመድ መጠቅለል ያዙ።

በጥር 1999 ዓ.ም. አራት መቶ ሰው የተጠራበት ሠርግ ተያዘ። የሙሽራዋ አባት መርቀው እንደተቀመጡ፣ ሟች ማይክሮፎኑን ያዙና «ክቡራን እንግዶች፣ እባካችሁ ለአንድ ደቂቃ ጸጥ እንበል» አሉ። ነገሩ የሙያ ነው። ሰው የማይናገርበት ክፍልም የራሱ ድምፅ አለው፤ ያን ለብቻው ቀድቶ የያዘ ሰው ንግግር የተበላሸበትን ቦታ ሊጠግንበት ይችላል። ይህን ያስተማሯቸው እኚያው ባለ ሻርፕ መምህር ናቸው። እንግዳው ግን ይህን ከየት ይወቅ? አራት መቶው ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላ አንዲት ሴት እንባቸው መጣ። ሃያ ሰከንድ ያህል እንደቆዩ የሙሽራዋ አባት አላስቻላቸውም፤ «ማነው የሞተው? ለምንድነው ያልነገራችሁኝ?» ብለው ጮኹ። አክስቷም «ኧረ ሟርት! በልጃችን ሠርግ ላይ!» ብለው ተቀበሏቸው።

ወንድማቸው ሟችን በክንዳቸው ይዞ አስወጣቸው። ሹፌሮችና ጥበቃዎች እየሰሙ «አራት ዓመት ቁጭ ብለህ የተማርከው ሰው ዝም ማሰኘት ነው? ዝም ማለትማ እኔም እችላለሁ! ሁለተኛ ሱቄን እንዳትረግጥ!» አላቸው። ሟች «ጋሼ፣ ካሴቱን አትጣለው» ብቻ አሉ። በማግስቱ የበሩ ጽሑፍ በነጭ ቀለም ተቀባ።

ወንድማቸው ሠርጉን ሊያቀናብር ሲቀመጥ፣ የአባትየው ምርቃት ሦስት ቦታ ላይ በጄኔሬተር ጩኸት ተበልቶ አገኘው። ጩኸቱን ቢቆርጠው ንግግሩ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆነ። ቸግሮት የሟችን ሃያ ሰከንድ በጉድጓዶቹ ውስጥ አስገባ። ንግግሩ አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። አባትየው ሱቁ ድረስ መጥተው አይተው አለቀሱ፤ «ድምፄን እንዲህ አድርገህ ያወጣኸው እንዴት ነው? እጅህ ይባረክ» አሉት። ወንድማቸው «ልምድ ነው» ብሎ ምርቃቱን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ስምንት ዓመት፣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት የአዳራሹን በር ዘግቶ፣ ባዶ ወንበሮች መሀል አንድ ደቂቃ ቆሞ ሲቀዳ ኖሯል። ይህን ለሟች አልነገራቸውም። ለማንም አልነገረም።

ሟች በዚያው ዓመት ከአንድ ፊልም ሠሪ ጋር ሥራ አገኙ፤ ከዚያም በአሥራ ሰባት ፊልሞች ላይ የድምፅ ባለሙያ ሆነው ሠሩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጸጥ አሰኚው» ይሏቸው ነበር። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሠርጋቸውን የቀረጸው ሌላ ሰው ነው። ሠርግ ቀራጩ ወንድማቸው በኋለኛው ረድፍ ተቀምጦ በልቶ ሄደ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሟች በኩላሊት ሕመም ተያዙ። ለእጥበት በሳምንት ሦስት ቀን ሲመላለሱ በመኪናው የሚያደርሳቸው ወንድማቸው ነበር። ወሬ እንዳይነሣ ሬዲዮ ይከፍታል። ሟችም በመስኮት እያዩ ይሄዳሉ። ከበሽታው ጋር ሁለት ዓመት ታግለው ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በአርባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ሴት ልጃቸውንና የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጃቸውን፣ እንዲሁም ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሁከት በማይደርስበት ቦታ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም ብርታቱን ይስጥልን።

የቀረው የረቡዕ ከሰዓት ብቻ ነው። ወንድማቸው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሟች ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «ጋሼ፣ ልጅቷ ፊልም ትምህርት ቤት ካልገባሁ ብላለች» አሉ። «እናቷ እንደ አባትሽ ልትንከራተቺ ነው ወይ ትላለች። እኔ ጋሼን ሳልጠይቅ እሺም እንቢም አልልም አልኳት። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ የኔ አራት ዓመት ከንቱ ነበር? ከንቱ ነው ካልከኝ ይቅርባት። አንተ ያልከው ይሆናል።»

ወንድማቸው መልሱን ያውቀው ነበር። አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ያቺ ከአፍንጫ የወጣች ሳቅ ግን ከሃያ ዓመት በኋላም ጆሮው ላይ ነበረች። ሟች ሊሰሙ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። እሱ ከወንበሩ ተነሣ፤ ጃኬቱን አነሣ፤ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ጫፍ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ብድግ ብላ «አባባ ጠየቀህ?» አለችው። በአጠገቧ አልፎ ደረጃውን ወረደ።