የጓዲት ውሪት እባጭ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1976

ለሰፊው የደባርቅ ሕዝብና ለአካባቢው አይጦች በሙሉ! ድመታችን ጓዲት ውሪት በጡቷ እባጭ ምክንያት ከግዳጅ መነሣቷን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ለክትባት የመጣውን የከብት ሐኪም «በሬያችን ታሞብናል» ብዬ ቤት አመጣሁት።

«ይሄ ድመት ነው እኮ!»

«በሬያችን ትንሽ አጠር ይላል፣ ጋሼ» አልሁት።

እየሳቀ ጡቷን ዳበሰ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «ሽንብራ ብታህል ነው፤ ግን ጠጣር ናት፣ በጣት ስትገፋም አትንሸራተትም። መጥፎ ምልክት ነው። ብብቷ ሥር ሌላ ካለ ደግሞ ተሠራጭቷል ማለት ነው» አለ።

ምስር ትለቅም የነበረችው እናቴ ቀና አለች። «ካላመመስ? ካላመመ ደኅና ነው አይደል?»

«ክፋቱ እኮ መጀመሪያ አለማመሙ ነው፣ እትዬ።»

«ውሪት መቼም ጀግና ናት፣ አታለቅስም» አልሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናቴ በሰፌዱ ታባርረኝ ነበር። ዛሬ እጇን ከነጠላዋ ሥር፣ ብብቷ ውስጥ ከትታ ወደ ጓዳ ገባች።

እራት ላይ «ነገ ጎንደር ዘመድ ልጠይቅ እሄዳለሁ» አለች።

ጎንደር ዘመድ የለንም። የምቀልደው ጠፋኝ።

ለነገሩ ይህን ያህል የሚያስጽፍም አልነበረ። የድመት እባጭ ነው። ሽንብራ ብታህል ነው።