ምርቃቱ ያለበት ኮምፒውተር

ሰኞ

እንደገና ድርግም አለ። መብራት ሄዶ አይደለም፤ አምፖሉ በርቷል፣ የጎረቤቴ የፀጉር ቤት ራዲዮም ይዘፍናል። የጠፋው የኔ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

የሃዊን የሠርግ ቪዲዮ ልከፍት ስል ነው የጠፋው። ሃዊ ጠዋት ፎቶ ቤቴ መጥታ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሠርጓን ቀርጬላታለሁ፤ የሴቶቹ ክፍል ወንድ ቀራጭ እንዲገባ ስላልተፈለገ ከሮቤ ከተማ እኔን መረጡ። ያኔ የሰጠኋት ፍላሽ ተበላሽቶባታል። እናቷን አዴ ሞሚናን ደግሞ ክረምት መግቢያ ላይ ስትሮክ መቷቸው አንደበታቸው ተይዟል።

"ሰናይት፣ እናቴ ስትመርቀኝ ያለውን ብቻ ፈልጊልኝ" አለችኝ። "ድምፅዋን እየረሳሁት ነው።"

ሌላ ቅጂ የለም። ያለው እዚህ የኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ ነው።

ማክሰኞ

ከሳነቴ ከፍታ የወረደው ጉም ከተማውን ውጦታል። በመስኮቱ ሳይ ባጃጆቹ ብቅ ይሉና ይሰወራሉ፤ ሹፌር የሌላቸው ይመስላሉ። ሥራ ፈትቼ ስቆጥራቸው ቆየሁ።

ሙቀት ይሆናል ብዬ ጎኑን ፈታሁት። ማራገቢያው ላይ አቧራ ተጋግሯል። በብሩሽ ጠረግሁ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የማቀዝቀዣ ቅባት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አዲስ ቀባሁ። አበራሁት። ሠራ! ደስ ብሎኝ ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ ሳይደርስ ቪዲዮውን ልከፍት ስል ጠፋ።

ውስጡን በእጄ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው። ሙቀት አይደለም።

ረቡዕ

ዛሬ ደግሞ ምስልም የለ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ብቻ። ይህን ጩኸት አውቀዋለሁ፤ ራም የሚባለው የማስታወሻ ካርድ ነው። ነቅዬ ጫፉን በላጲስ ፈገፈግሁና መልሼ ሰካሁት። ጩኸቱ ቀረ። ቪዲዮውን ከፈትኩ።

አዴ ሞሚና ታዩኝ። አረንጓዴ ሻሽ አስረው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ድርግም።

ጥቁሩን ስክሪን አየሁት። የተከፈተው አፋቸው እዚያው ውስጥ የቀረ መሰለኝ። ምን ነበር ያሉት? አጠገባቸው ቆሜ ነበር እኮ። ግን ያን ቀን ሐሳቤ ብርሃኑና ባትሪው ላይ ነበር፤ ቃላቸው ሳልሰማው አለፈኝ።

ሲጠፋ ሃርድ ዲስኩ ቋ አለ ልበል? ወይስ ጆሮዬ ነው? እሱ ከሄደ ሁሉም ሄደ። ከእንግዲህ እኔ አላበራውም።

ሐሙስ

ኮምፒውተሩን ታቅፌ በሚኒባስ ወደ ጎባ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ "ምንድን ነው የያዝሽው ልጄ?" አሉኝ።

"የታመመ ኮምፒውተር ነው፣ አባባ።"

"እንግዲያው ሆስፒታሉ ጋ ውረጂ!" ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም።

ጠጋኙ ጀማል ካቻቢቴ እንኳ ሳያነሳ ጥያቄ ጀመረ። "መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?"

"ቪዲዮ ስከፍት።"

"ሥራ ሳትሰጪው ስትተዪውስ?"

"ይቆያል…" እየመለስኩለት እኔው ገባኝ። "ጉልበት እያነሰው ነው! ፓወር ሰፕላዩ!"

ፈትቶ አሳየኝ። ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ በርሜል መሳይ ክፍሎቹ አናታቸው አብጧል። የራሱን ፓወር ሰፕላይ አውጥቶ ገጠመልኝ። የሴቶች ክፍል ቪዲዮ መሆኑን ስነግረው "በይ እኔ ውጭ ነኝ" ብሎ ወጣ።

መጀመሪያ ቀዳሁት፤ በሁለት ፍላሽ። ከዚያ ከፈትኩት። አልጠፋም! አዴ ሞሚና አፋቸውን ከፈቱ፣ ተናገሩ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ስፒከር ግን አልነበረም። በዝምታ ሲመርቁ አየኋቸው፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ይመስሉ ነበር። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ድምፁ ባይኖርበትስ?

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ እነ ሃዊ ቤት ሄድኩ። አዴ ሞሚና ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። "አካም ጅርቱ፣ አዴ?" ብዬ ሰላም አልኳቸው። በዓይናቸው መለሱልኝ።

ሃዊ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች። እኔ ጣቶቼን ጨብጫለሁ።

ድምፁ መጣ። ወፈር ያለ፣ ያልቸኮለ።

"ሆሪ፣ ቡሊ፣ ልጄ። ተባዢ፣ ኑሪ። የረገጥሽው ይለምልም። ቤትሽ እንግዳ አይጣ። ከባልሽ በፊት ሳቂ፣ ከልጆችሽ በኋላ ተኚ።"

"አሚን!" አሉ በቪዲዮው ውስጥ ያሉት ሴቶች።

ሃዊ ታለቅሳለች፤ ድንገት ቀጥ አለች። "ሰናይት! እናቴ አሚን አለች። ሰማሽ?"

እውነቱን ነገርኳት። ከቴሌቪዥኑ ይሁን ከእሳቸው አልለየሁትም።

ሃዊ ወደ ኋላ መለሰችው። ምርቃቱ እንዳለቀ፣ ሴቶቹ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ድምፁን አጠፋችው። ቤቱ ጭር አለ። ሦስታችንም ጠበቅን።

የአዴ ሞሚና ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

"አ… ሚን።"

ትንሽዬ ድምፅ ናት፤ የተሰበረች። ግን የእሳቸው ናት።