«ውረዱ» ሲሉ የኖሩት የወ/ሮ ዳሲቱ ኦላና የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ዳሲቱ ኦላና ከአባታቸው ከአቶ ኦላና ጀቤሳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አደሴ ቃልቤሳ በ1961 ዓ.ም. በአቃቂ፣ ዛሬ የገላን ኮንዶሚኒየም በቆመበት የእርሻ መንደር ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ሴት ልጅ ሲሆኑ ከወንድሞቻቸው እኩል ጤፍ እያረሙ፣ ሽምብራ እየነቀሉ አደጉ። ያልተስተካከለ ነገር አይተው ማለፍ በተፈጥሯቸው አልነበረም። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ሶሬሳ ኦላና እንደሚናገሩት፣ ወላጅ እናታቸው በዚህ ጠባያቸው ሲጨነቁ «ይህቺን ልጅ ዝም በይ የማይላት ባል ይስጣት» ብለው ይመርቋቸው ነበር።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አቃቂ አጠናቀው በጤና ረዳትነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ1981 ዓ.ም. በአካባቢው ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ከአሥር ዓመት በላይ ቁስል ሲያጥቡና ጣት ሲያሽጉ ኖሩ። አንድ ማሽን የቆረጠውን ሰው አክመው በላኩ ዓመት ሳይሞላ፣ ያው ማሽን የቆረጠው ሌላ ሰው ይመጣላቸዋል። ማሽኑ መከለያ ይሠራለት ብለው ለአለቃቸው ቢያመለክቱ፣ የእሳቸው ሥራ ማሸግ እንደሆነ ተነገራቸው። በዚህ እልህ ተነሳስተው የማታ ትምህርት ገቡ፤ በሙያ ደህንነትና ጤንነት ዘርፍም ተመረቁ።

በ1986 ዓ.ም. ከአቶ ሳህሌ ወልደማርያም ጋር በሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ቤኪ ሳህሌን እና ሉላ ሳህሌን ወልደዋል። አቶ ሳህሌ ከጉራጌ መጥተው ሳሪስ ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። የወ/ሮ ዳሲቱ እናት ምርቃት ደርሶ አቶ ሳህሌ ባለቤታቸውን ዝም በይ ብለው አያውቁም፤ ብዙ ዋጋ ግን ከፍለውበታል። ቆርቆሮ ሊገዛ የመጣ ሥራ ተቋራጭ ወ/ሮ ዳሲቱን መደብሩ ውስጥ ካገኛቸው፣ ጣሪያ ላይ የሚያወጣቸው ሰዎች ቀበቶ እንዳላቸውና ኢንሹራንስ እንደገባላቸው ሳይመልስ አይወጣም። ብዙዎቹ በሁለተኛው ቀን ጎረቤት ሱቅ ሲገዙ ይታያሉ።

በ2002 ዓ.ም. በቂሊንጦ አቅጣጫ ወደሚገኝ ሌላ ፋብሪካ በደህንነት ኃላፊነት ተዛወሩ። የፋብሪካው ቋሚ ሠራተኞች ጉዳይ ያን ያህል አላስቸገራቸውም። ዕድሜያቸውን የበላው የኮንትራክተር ነገር ነው። ፋብሪካው የጣሪያውን፣ የመብራቱን፣ የታንከር እጥበቱን ሥራ ለተቋራጭ ይሰጣል። ተቋራጩ ቆርሶ ለሌላ ያስተላልፋል። ያኛው ደግሞ ጠዋት ከአደባባይ የቀን ሠራተኛ ሰብስቦ ይመጣል። ኃላፊው ማን ነው ሲባል ፋብሪካው ወደ ተቋራጩ፣ ተቋራጩ ወደ ፎርማኑ፣ ፎርማኑ ወደ ራሱ ወደ ሠራተኛው ይጠቁማል። ወ/ሮ ዳሲቱ በር ላይ ቆመው ኮንጎ ጫማ አድርጎ ብየዳ ሊሠራ የመጣውን ሁሉ ይመልሱ ነበር። ምሳ ሊበሉ ዞር ሲሉ ግን በሌላ በር ይገባል። በሕይወታቸው እንደ «ለዛሬ ብቻ» የጠሉት ቃል አልነበረም።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የፋብሪካው የመጋዘን ጣሪያ መጠገን ነበረበት። ብርሃን እንዲያስገቡ ከተደረጉት የፕላስቲክ ክፍሎች አብዛኞቹ በፀሐይ ደርቀው ሰው የማይሸከሙ ሆነዋል። ወ/ሮ ዳሲቱ ይህን አስቀድመው ለሥራ አስኪያጁም ለተቋራጩም አስታውቀዋል። በሥራው ቀን ሲደርሱ ግን የተቋራጩ ሰዎች ያለ አንዳች ቀበቶ ጣሪያው ላይ ናቸው። ሁሉንም አስወረዷቸው። ከመካከላቸው ሙህሲን የተባለ የስልጤ ወጣት ነበር፤ «እትዬ፣ ዛሬ ካልሠራን ነገ አይጠሩንም» አላቸው። እሳቸውም ከነገ በፊት ዛሬን ማደር አለብህ ብለው መለሱለት።

ሥራ አስኪያጁ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ዕቃ ይበሰብሳል ብለው ተቆጡ። ወ/ሮ ዳሲቱ አልበገር ሲሉ የተናገሩትን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አይረሳውም።

«ወ/ሮ ዳሲቱ፣ እነዚህ የእርስዎ ሠራተኞች አይደሉም» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«የማን ናቸው ታዲያ?» አሉ እሳቸው።

ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ ወደ ዋናው ቢሮ ተጠሩ። እሳቸው ስብሰባ ላይ ሳሉ ሠራተኞቹ ተመልሰው እንዲወጡ ታዘዙ፤ ሙህሲን የደረቀውን ፕላስቲክ ረግጦ መጋዘኑ ወለል ላይ ወደቀ። ወ/ሮ ዳሲቱ ተጠርተው ሲሮጡ ደረሱ፤ አንገቱን ደግፈው፣ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው እየተቆጡ አምቡላንስ እስኪመጣ አብረውት ተቀመጡ። ነፍሱ ተርፋለች፤ እግሮቹ ግን ዳግም አልታዘዙለትም።

ከሆስፒታል ተመልሰው መሰላሉን ወጥተው ጣሪያውን ሲያዩ አዳዲስ ቀበቶዎች ከነማሸጊያ ላስቲካቸው ተደርድረው አገኙ። ሰውየው ከወደቀ በኋላ ፎርማኑ ያስመጣቸው ነበሩ። በማግስቱ ሙህሲን ቀበቶ ተሰጥቶት በራሱ እምቢተኝነት ሳያስር ቀርቷል የሚል ሪፖርት እንዲፈርሙ ተጠየቁ። አልፈረሙም። የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በመጣ ጊዜም ሆነ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበው ምስክርነት ሲሰጡ የተናገሩት አንድ ነው፦ «ቀበቶዎቹ ከነላስቲካቸው ነበሩ። ለሰው የተሰጠ ቀበቶ ላስቲክ አይኖረውም።»

ለዚህ ቃላቸው የተከፈላቸው የመዝናኛ ክበቡን ምግብ እንዲቆጣጠሩ መመደብ ነበር። የተማሩትን ሙያ ጥለው የሽሮ ድስት እየከፈቱ ማየት ውርደት መስሎ ተሰምቷቸዋል። ማታ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ይሉ እንደነበር ልጆቻቸው ያስታውሳሉ። የሙህሲን ባለቤት ሐጀራ የካሳ ክስ መሥርታ በየቀጠሮው ፍርድ ቤት ስትመላለስ ግን አንድም ቀን ብቻዋን አልሄደችም፤ ወ/ሮ ዳሲቱ ፈቃድ ሲከለከሉ አቶ ሳህሌ መደብራቸውን ዘግተው ይሸኟት ነበር። ቀጠሮው እየተራዘመ፣ ተቋራጩ አድራሻ እየቀየረ ነገሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በ2014 ዓ.ም. ፋብሪካውም ተቋራጩም በጋራ ኃላፊዎች ናቸው ተብሎ ተፈረደ። ውሳኔው በተነበበ ጊዜ ሐጀራ እልል ብላ ስታቅፋቸው፣ ወ/ሮ ዳሲቱ ግን አልተደሰቱም። ሙህሲንን ከጣሪያው ያወረዱት እሳቸው ሆነው ሳለ መልሰው ያወጡት ሰዎች የሚጠየቁት ዓመታት ቆይቶ መሆኑ አንገበገባቸው።

ሥራ አስኪያጁ ሲቀየሩ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ለሠራተኞቹ ኢንሹራንስ ያልገባ፣ መከላከያ ዕቃ ያላቀረበና ስለ አደጋው ያላሠለጠነ ተቋራጭ እንዳይገባ፣ ሥራውንም ያለ ፋብሪካው ፈቃድ ለሌላ እንዳያስተላልፍ የሚል ደንብ በየውሉ ላይ እንዲጻፍ አስደረጉ። ደንቡ ተጻፈ፤ ሥራ የተቻኮለ ቀን ደግሞ ከበላይ በስልክ ለዛሬ ብቻ ይለፉ ይባላል። ተቋራጭ በተለወጠ ቁጥር ሁሉንም ከ«ሀ» ይጀምራሉ። አንድ ቀን ለልጃቸው ለሉላ «የማፈስሰው ውኃ ወንፊት ላይ ነው» ብለዋታል። ይህን ባሉ በማግስቱ ግን እንደ ልማዳቸው በር ላይ ቆመው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። የተኙበት ክፍል መስኮት ፊት ለፊት አንድ ሕንፃ ይሠራ ነበር። ቀለም ቀቢዎቹን ያለ ቀበቶ ተንጠልጥለው ሲያዩ ዕረፍት አጡ። ሉላን ልከው ፎርማኑን እንድታነጋግር አደረጉ፤ ፎርማኑም «እናትሽ ማን ስለሆኑ ነው?» ብሎ መለሳት። ቤተሰቡ እንዲያርፉ ብሎ መጋረጃውን ሊዘጋ ሲል እጃቸውን አነሱ። «ተዉት፤ እኔ እንኳ ልያቸው» አሉ። ከዚያ በኋላ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ስለ ሕመማቸው ሳይሆን ስለ ቀለም ቀቢዎቹ ይነግሩት ጀመር።

ወ/ሮ ዳሲቱ ኦላና በሐኪሞችና በጸበል ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ሳህሌ፣ ልጆቻቸው ቤኪና ሉላ፣ የልጅ ልጃቸው ሚራክል፣ ወንድሞቻቸውና መላው ዘመድ ወዳጅ በሐዘን ላይ ናቸው።

ከቀብር ስንመለስ በመንገዳችን ላይ የሚሠራ ሕንፃ አይጠፋም። ቀና ብለን እንይ። ከመካከላችን ሥራ የምታሠሩ፣ ውል የምትፈርሙ ሰዎች ያላችሁ እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ለልቅሶው ስለ መጣችሁ ያመሰግናችኋል፤ ሌላ ማጽናኛ ግን ከእናንተ አይጠብቅም። ያለ ቀበቶ የወጣውን ሰው አስወርዱልን።

በምድር ዕረፍት ያልሰጠናቸውን እናታችንን አምላከ አቦ በደጉ ቦታ ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውን ከጻድቃን ጋር ይደምርልን። አሜን።