የአስካለ ልጅ ጸጉር

አዳማ፣ ቅዳሜ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ነገ በጎረቤት ሰርግ ጽጌ እስክስታ ትወርዳለች። እናቷ አስካለ ካረፈች ወዲህ ጸጉሯን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር፤ እኔ እንጀራ እናቷማ ጠይቄያትም አላውቅ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ማበጠሪያዋን ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ሉጫ ሆኖ አስቸገረኝ። ስጨፍር ዝም ብሎ ይተኛል። ቢጠቀልሉልኝ?»

ተልባ ቀቅዬ በዝልግልግ ውሃው አራስኩትና ዘለላ ዘለላውን በጨርቅ ቁራጭ ላይ ጠቀለልኩት። እስከ ነገ ካልተፈታ ሰርጉ እስኪያልቅ አይዘረጋም። እጄ ሥራውን አልረሳም።

«ማን አስተማረዎት?»

«በእናትሽ ጸጉር ላይ ነው የተማርኩት። ልጃገረድ ሳለን ሞጆ ድረስ ሰርግ እየተጠራን አብረን እንጨፍር ነበር። የሷም እንዳንቺው ሉጫ ነበር።»

ማበጠሪያዋን ጨብጣ አቀረቀረች። እናቷን በማንሳቴ የተቆጣች መሰለኝና ፈራሁ። የመጨረሻውን ጨርቅ ሳስር ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ ስትጨፍር አይቻት አላውቅም። እንዴት ነበረች?»

በቃል ልነግራት ሞከርኩና አቃተኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ተነሣሁ። አስካለ ትከሻዋን ከመስበቋ በፊት አንገቷን ትንሽ ዘንበል ታደርግ ነበር፤ እንደዚያው አደረግሁላት።

ጽጌም ጨርቅ በሞላው ራሷ ከጎኔ ቆማ አንገቷን ዘንበል አደረገች።