ሞተ ስለተባለው ቋንቋችን ለብዝኃነት ኮርስ ኮሚቴ

ለተከበሩ የባህል ብዝኃነት የግዴታ ኮርስ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም ለተከበራችሁ አባላት በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብታችኋል? ስብሰባ የሚያበዛ ሰው ወገቡን ያመዋልና የእናንተ ወገብ በተለይ ያሳስበኛል። እኔ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የጥገና ክፍል ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የተሰበረ ወንበር ስጠግን የኖርኩ አናጺ ነኝ። ልጄ ደግሞ የሲቪል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነች፤ ወይም ነበረች። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ደፍሬአለሁ።

ማንኛውም ተማሪ፣ ያጠናው ምንም ይሁን ምን፣ ልዩነትን ማክበር የሚያስተምረውን ኮርስ ሳያልፍ እንዳይመረቅ መደንገጋችሁን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ድልድይ የሚሠራ ሰው ከወዲያ ማዶም ሰው እንዳለ ማወቅ አለበት። ቅሬታዬ ጥቂት ነው፤ በቁጥር የቀረበ ነገር እንደምትወዱ ስለሰማሁም በቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩. በሞጁላችሁ ገጽ አርባ አንድ ላይ ቋንቋችን «የመጨረሻው ተናጋሪ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በማረፋቸው ፈጽሞ የጠፋ» ተብሎ ተጽፏል። በማጠቃለያ ፈተናውም ላይ ከመቶ አርባ የሚይዝ «ቋንቋው የጠፋባቸውን ምክንያቶች አብራራ» የሚል ጥያቄ ቀረበ። ልጄ አፏን የፈታችው በዚህ ቋንቋ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ቋንቋው አልጠፋም። ዛሬ ጠዋት አያቴ ደውላ፣ ቁርስ ሳትበዪ ወጣሽ ብላ በዚሁ ቋንቋ ስትቆጣኝ ነበር።» ከአርባው ዜሮ አገኘች፤ ከጎኑም በቀይ «ከሞጁሉ ውጪ» ተብሎ ተጻፈላት። እኔ፣ እናቴና ልጄ መሞታችንን የሰማነው በዚህ መልክ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከመንገደኛ ከመስማት በማኅተም ከሚሠራ መሥሪያ ቤት መስማት ይሻላልና እናመሰግናለን።

፪. ኮርሱን የሚያስተምሩትን መምህር አልወቅስም። ወጣት ናቸው፤ ከተቀጠሩም ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። እንጨት ሥራ ክፍላችን ድረስ መጥተው፣ ሰጋቱራው ላይ ቆመው፣ «ጋሼ፣ መልሷ ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሞጁሉን ያጸደቀው ኮሚቴው ነው፤ ከሱ ወጥቼ ካረምኩ እኔም አልተርፍም» አሉኝ። አንድ መምህር ትክክለኛውን መልስ እያወቀ በቀይ እንዲሰርዘው ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለምና ለዚህም አድናቆቴ ይድረሳችሁ።

፫. ይግባኝ ስንል ቋንቋው በሕይወት ስለመኖሩ ማስረጃ እንድናቀርብ ጠየቃችሁ። እኔም ሰባ ስምንት ዓመት የሞላትን ማስረጃ፣ እናቴን፣ አሳንሰሩ ስለማይሠራ እጇን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ አወጣኋት። ክቡር ሰብሳቢ በትሕትና «እማማ፣ እስቲ ይናገሩ» አሏት። እናቴም ተናገረች። እያንዳንዳችሁን በየተራ ሰላም አለች፤ ስለ ልጆቻችሁ ጤና ጠየቀች፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ምርቃት መረቀቻችሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «አንዲት እናት ባልታወቀ ቋንቋ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተናገሩ» የሚል ነው።

ቀጥሎም ገለልተኛ ተርጓሚ ጠየቃችሁ። እኔ አለሁ ብል ባለጉዳይ ነህ ተባልኩ። ልጄም ባለጉዳይ ነች ተባለ። እህቴን ላምጣ ስል እሷም ዘመድ ሆነች። በመጨረሻም ከአባላቱ አንዱ፣ ከዘመድ በቀር ተናጋሪ የማይገኝለት ቋንቋ ጠፍቷል ማለት እንደሆነ ያስረዱን ሲሆን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳወራ የኖርኩትን ነገር በዚህ ፍጥነት ያስጣለኝ ሰው አላየሁም።

አራተኛውን በቁጥር ላቀርበው ሞክሬ አልሆነልኝም።

እናንተ ስትከራከሩ እናቴ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ የነበረውን ሞጁል ወደ ራሷ ሳበችው። መነጽሯን አውጥታ፣ «የመጨረሻው ተናጋሪ» የሚል የተጻፈበትን ፎቶ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ በቋንቋችን፣ በዝግታ፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እኔም በአማርኛ ለእናንተ ነገርኳችሁ፦ «ይሄ የአጎቴ ልጅ ነው። ሞተ እንዴ?»

ሰውየው አብሯት ያደገ ነው። ሥራ ፍለጋ ከወጣ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት ወሬው አልተሰማም። እናቴ የማታውቀው ቁጥር ሲደወል እስከ ዛሬ ድረስ ከተቀመጠችበት ትነሳለች። መርዶውን ከገጽ አርባ አንድ ስታነብ ክቡር ሰብሳቢ «እባካችሁ፣ ከአጀንዳው ባንወጣ» አሉ። ለእውነት ለመመስከር፣ ጸሐፊዋ ብድግ ብለው አንድ ብርጭቆ ውኃ አምጥተውላታል፤ ይህ በቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም። ስንወርድ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በየትኛው ቋንቋ እንዳለቀሰች ገና አልተረጋገጠም።

ውሳኔያችሁ በሳምንቱ ደረሰን፤ ውጤቱ ይጸናል፤ ሆኖም ተማሪዋ ስለ ቋንቋው አጠፋፍ አምስት ገጽ ጽሑፍ ብታቀርብ በልዩ አስተያየት ማለፊያ ይሰጣታል ይላል። የአባት ነገር ሆኖብኝ «ጻፊና ተገላገይ፤ አምስት ገጽ ምን አላት?» ብያታለሁ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። እሷ ግን ዓይኔን እያየች «አባዬ፣ አያቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቋንቋዋ ሞቷል ብዬ በየትኛው እጄ ልጻፍ?» አለችኝ። አልጻፈችም።

ጓደኞቿ ባለፈው ቅዳሜ ተመረቁ። ልጄ የአንዷን ጋውን ስትተኩስላት አረፈደች፤ አዳራሹ ድረስ አብራት ሄዳ ሁሉንም ፎቶ አነሳች፤ ቤት ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ምሳዋን በላች። እኔና እናቴ ስለ ምርቃቱ አልጠየቅናትም። ሰኞ ዕለት ለዚያው ኮርስ እንደገና ተመዘገበች፤ ጥያቄው ከተደገመ መልሱንም እንደምትደግመው ነግራኛለች።

መምህሩ አሁን በየእሑዱ ደብተር ይዘው ቤታችን ይመጣሉ። እናቴ አነጋገራቸው አፉ ውስጥ ጠጠር እንደያዘ ሰው ነው ብትልም ታስተምራቸዋለች፤ እሷም ከመርዶው ወዲህ የሳቀችው በእሳቸው ነው። እስካሁን ጤና መጠየቅ፣ ሐዘን መድረስና ሳይጠግቡ ጠግቤአለሁ ማለት ይችላሉ። ዘመዳችን አይደሉምና፣ ከዘመድ በቀር ተናጋሪ የለውም ብላችሁ በቋንቋችን ላይ ያወጃችሁት ሞት በእሳቸው ምክንያት እንከን እንዳይገኝበት ቀድሜ ላሳውቃችሁ ወደድኩ።

ለልዩነት ያላችሁ ፍቅር፣ ልዩነቱ ራሱ በሩን አንኳኩቶ ሲገባም እንዳይቀዘቅዝ ከልብ እየተመኘሁ፤ ጊዜያችሁን በመሻማቴ ደግሞ ደጋግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፤

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍል አናጺ፣
ያልተመረቀች መሐንዲስ አባትና የሐዘንተኛ እናት ልጅ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቢሯችሁ በር አጠገብ የተሰቀለውን «አስተያየትዎን በፈለጉት ቋንቋ ያስገቡ» የሚለውን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። በተላከልኝ ሥዕል ላይ ወረቀት ማስገቢያ ቀዳዳ እንጂ መክፈቻ አልነበረውም። «በምን በኩል ይከፈታል?» ብዬ ብጠይቅ «በሥዕሉ መሠረት ሥራ» ተባልኩ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ ክፈትልን ብሎ የጠየቀኝ የለም።