ስለ ልጄ ዓይንና ስለማይከፈተው መዝገብ

ለክቡር የጉዲፈቻ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ እንዲሁም ይህን ያህል ዓመት አንድም ቀን ሳያነቃንቅ ለተሸከመዎ ወንበር ጤና ያለኝን ልባዊ ምኞት በማስቀደም ይህን ደብዳቤ አቀርባለሁ። እኔ እናገራለሁ፣ ታናሽ እህቴ ትጽፋለች። ኃይለኛ ቃል ሲያመልጠኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ስለምታየኝ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጨዋ ሆኜ ከተገኘሁ ምስጋናው የእሷ ነው። በጋዜጣ ማውጣቴም ለመዳፈር አይደለም፤ በግል የላክሁልዎ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች መዝገቡ ውስጥ በሰላም ተኝተዋልና አሥራ ሁለተኛው ገብቶ እንዳያጣብባቸው ብዬ ነው።

ስሜን አልጽፍም፤ ስሜን ማወቅ ለእርስዎም ክልክል ነው ተብያለሁ። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሴት ልጅ ወለድሁ። አባትየው የጫማውን ክር እንኳ በቅጡ ሳያስር ጠፋ፤ እናቴ ሞታ ነበር፤ ዓይነ ስውር አባቴና ያኔ ስምንት ዓመቷ የነበረችው ይህችው እህቴ በእኔ እጅ ነበሩ፤ ሁላችንም የምናድረው ከስፌት ቤቱ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣችው ባልደረባ ልጅ ያላገኙ ደግ ባልና ሚስት አሉ አለችኝ፣ እኔም ልጄን በሁለት ወሯ ሰጠሁ። ደግ መሆናቸውን ዛሬም አልጠራጠርም። ያሳደገቻትን እናት ባገኛት ጉልበቷን እስማለሁ እንጂ ልጄን መልሺልኝ አልላትም። ስፈርም ወረቀቱ መዝገቡ ለሕፃኗ ጥቅም ሲባል ይዘጋል ይል ነበር፣ እኔም በልጅ አእምሮዬ የተዘጋ ነገር አንድ ቀን ይከፈታል ብዬ ፈረምሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የደንብ ልብስ ስሰፋ፣ ዘንድሮ ስድስት ሞላት፣ ዘንድሮ ዘጠኝ ሞላት እያልሁ በዕድሜዋ ልክ ያለውን ቁጥር ለብቻው፣ ክሩን ደረብ አድርጌ እሰፋው ነበር።

የዛሬ አራት ዓመት ስፌቴ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። እጅጌው ከትከሻው አልገጥም ይላል፣ ኪሱ ተጣሞ ይወጣል፣ አሠሪዬም ልብሽ የት ነው ትለኛለች። የዓይን ሐኪም ዘንድ ብሄድ፣ ሐኪሟ መርምራ ግላኮማ ነው አለችኝ፤ በዓይኔ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን እየገደለው እንደሆነ፣ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ አባቴን ያሳወረውም ይኸው እንደሆነ ነገረችኝ። ዛሬ ግራ ዓይኔ የለም፤ በቀኙ የማየው በአዝራር ቀዳዳ እንደማጮልቅ ያህል ነው። ሐኪሟ ቀጥላ ልጅ አለሽ ወይ ብትለኝ አለችኝ አልኋት፣ የት ናት ብትለኝም መዝገብ ውስጥ አልኋት። በጊዜ ከተያዘ በጠብታ ይቆማልና ዛሬ ነገ ሳትዪ ንገሪያት፣ ከዘገየ ግን እኔም አልረዳትም ብላ አሰናበተችኝ።

ክቡርነትዎን አራት ዓመት ሙሉ የለመንሁት ይህችኑ ነው። ዓይንሽን ተለኪ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ለልጄ እንዲያደርሱልኝ። ስሜ ይቅር፣ አድራሻዬ ይቅር፣ ማን እንደላካትም ይቅር። ለዚህ ልመና ጽሕፈት ቤትዎ ስላደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ልጄን ከመደናገር ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። መልእክት ከደረሳት ሁለት እናት እንዳላት አውቃ ትደናገራለች፣ ይህም የሕፃኗን ጥቅም ይጎዳል ብለው ጽፈውልኛል። ሕፃኗ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ደግሞስ እዚህ የእኛ ግቢ ውስጥ ያለ ማንም ልጅ አክስቱን እታባ፣ ጎረቤቱን እማማ፣ የእናቱን ጓደኛ እናትዬ ሲል ውሎ፣ ማታ ሲርበው የማን በር እንደሚያንኳኳ ተደናግሮት አያውቅም። ከእኔ በቀር ማንም አልተደናገረም፣ እኔም የተደናገርሁት መልስዎን ሳነብ ነው።

ሁለተኛ፦ ለመዝገብ ቤቱ አዛውንት ጥበብ አመሰግናለሁ። ፋይሉ በአራቱም ጎን ተለጥፎ በሰም ማኅተም ተመትቷል፤ እርሳቸው ግን የላይኛውን ቀኝ ጥግ በጥፍራቸው ብድግ አድርገው አዲስ ወረቀት ወደ ውስጥ ያንሸራትቱና ማኅተሙ አንዲት ስንጥቅ ሳያወጣ ይቀራል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲያስገቡ አንድም ማኅተም አልተሰበረባቸውም፤ እኔም የእጅ ሥራ የማውቅ ሰው ነኝና አደነቅሁ። መመሪያው ደግሞ እናትና ልጅ በየፊናቸው ካመለከቱ መዝገቡ ይከፈታል ይላል። ሁለቱም ማመልከታቸው በምን ይታወቃል ብላቸው፣ ማመልከቻዎቹ ፋይሉ ውስጥ ስላሉ ሲከፈት ይታወቃል አሉኝ። ፋይሉ መቼ ይከፈታል ብላቸው፣ ሁለቱም ማመልከታቸው ሲታወቅ አሉኝ። ይህን ብለው መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ፤ በመጨረሻም ልጄ፣ እኔ የተማርሁት ማስገባት ነው፣ ማውጣት አላስተማሩኝም ብለው መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል የምሰማው ይህን ኖሯል።

ሦስተኛ፦ በመስኮት ሁለት ለተሰጠኝ ማብራሪያ። ጸሐፊዋ ገና ወጣት ናት፣ እትዬ እያለች ታናግረኛለች፣ ዓይኔን አይታም ወንበር ሰጥታኛለች፤ የበሽታ መልእክት የሚሞላበት ቅጽ ግን የለም አለችኝ። ቅጽ ከሌለው ጉዳዩ የለም፣ ጉዳዩ ከሌለ በሽታውም የለም ማለት ነው፤ ሐኪሟ ይህን ብታውቅ ባላስቸገረችኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት የወጣው በሽተኛው ራሱ ሲደብቅ ነው፤ በሽታውን መንግሥት ሲደብቅለት ምን እንደሚባል አባቶቻችን ሳይነግሩን ሄዱ።

አራተኛ፦ ይህን እህቴ ስድብ ነው ብላ ሰርዛዋለች።

አምስተኛ፦ ባለፈው ወር ይህችው የመስኮት ሁለት ጸሐፊ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ሁለት ፖስታ አሳስታ አቀያይራ ላከች። ለእኔ ብሎ የመጣው ለእኔ አልነበረም። የመዝገቡ ቁጥር የእኔው ነው፣ የተቀባይዋ ስም ግን በጥቁር ቀለም ተደልዟል። ወላጅ እናትዎን ለማግኘት ለሦስተኛ ጊዜ ያቀረቡት ማመልከቻ፣ ፊርማዎ ከሳጥኑ ውጪ ያረፈ በመሆኑ ተቀባይነት አላገኘም ይላል። እህቴ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ።

ሦስት ጊዜ ፈልጋኛለች፣ ክቡር ሆይ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ትጠላኝ ይሆን እያልሁ ስብሰለሰል የኖርሁት ሴትዮ፣ ያን ዕለት ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ደስታዬን ግን አልጨረስሁትም፤ የፊርማው ነገር ገባኝ። ሐኪም ዘንድ ከመሄዴ በፊት ባንክ ቤት እኔንም እንዲህ መልሰውኝ ነበር፤ ለእኔ ሳጥኑ መሃል የፈረምሁ ይመስለኛል፣ የባንኩ ሠራተኛ ግን እትዬ፣ ጠረጴዛው ላይ እኮ ነው የፈረሙት ትለኛለች። ልጄ ግድየለሽ አይደለችም። ሳጥኑ አልታያትም። አባቴም ሳይታወር በፊት በጎኑ የቆመ ሰው ስለማይታየው ሰላም ሳይል ያልፍ ነበርና ሰፈሩ ኩሩው ይለው ነበር፤ ዛሬ ልጄን የት ሰፈር ኩሩ እያሏት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

በማግስቱ እህቴን ይዤ ጽሕፈት ቤትዎ ሄድሁ፣ ያኔም በአራት ዓመት ያላየሁትን ፍጥነት አየሁ። ደብዳቤው ከእጄ ተወሰደ። ለእኔ የተጻፈውን መልስ የያዘው፣ በስሕተት ወደ ልጄ የሄደው ፖስታም በሯ ላይ ደርሶ ገና ሳይከፈት እንደተመለሰ በኩራት ተነገረኝ። የበሽታዬን ስም የያዘ ወረቀት፣ ክቡር ሆይ፣ በሯ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያም ያነበብሁትን እንደረሳሁ የሚያረጋግጥ ቅጽ ቀረበልኝ። ለዚህኛው ቅጽ ነበራችሁ። ሳጥንም አልነበረውም፤ የትም ቢፈርሙ ይሆናል አሉኝ። ጸሐፊዋ ምድር ቤት ወደሚገኘው የዕቃ ክፍል ተዛውራለች። በዚህ ሁሉ ዓመት እናትና ልጅን ለማቀራረብ አንድ ነገር የሠራች ብቸኛዋ ባልደረባዎ እሷ ስለሆነች፣ ቅጣቷ ተገቢ መሆኑን እረዳለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ። ክፍት ጉዲፈቻ የሚሉት ነገር ልጅ መንጠቅ አይደለም። በዓመት አንድ ደብዳቤ ነው፣ ልጅቷ ደህና ናት፣ ጥርስ አወጣች፣ ትምህርት ጀመረች የሚል ወሬ ነው፣ ይህ በሽታ በዘራችን አለና ተጠንቀቁ ማለት ነው፣ ሁለት ሰዎች ሲፈላለጉ ተፈላልጋችኋል ብሎ መንገር ነው። ተደብቃ መኖር የምትፈልግ እናት ትኖራለች፣ የራሷ ምክንያት አላትና ትደበቅ፤ በእሷ ምሥጢር ሰበብ የሁላችንንም አፍ መስፋት ግን እኔ እንኳ በስፌት ሙያዬ አይቼ የማላውቀው ስፌት ነው። ሕጉን ይለውጡት። ይህን ሁሉ ማድረግ ካልተቻለ ሐኪም የጻፈውን አንድ ወረቀት ማኅተም ሳያግደው የሚያሳልፍ አንቀጽ ይጨመር።

ይሆናል ብዬ አይደለም። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እንደተቋቋመ፣ ኮሚቴውም ሰብሳቢ እየጠበቀ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እናንተ ተሰብስባችሁ ቃለ ጉባኤ ስታጸድቁ የእኔ ዓይን አልቆ፣ የእሷም ምን ያህል እንደቀረ ማንም ሳያውቅ ይከርማል። ተስፋዬ ተቆርጧል። ያም ሆኖ ሰው ልጁ ገደል አፋፍ ላይ ስትሄድ እያወቀ አፉን ይዞ አይቀመጥም፣ ድምፁ እንደማይሰማ እያወቀም ይጮኻል።

ስለሰጡኝ መልሶች፣ ይበልጡንም ስላልሰጡኝ መልሶች ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሹመትዎ ይርዘም፣ ማኅተምዎ አይሰንጠቅ፣ ልጆችዎም አመሻሹ ላይ በር ከፍተው ሲገቡ ፊታቸውን አጥርቶ ለማየት ያብቃዎ እያልሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ፤

ወላጅ እናት መሆኔ በማኅተም የተረጋገጠልኝ፣ ለልጄ ግን እንዳልናገር የተከለከልሁት
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህ ለክቡርነትዎ አይደለምና እዚህ ላይ ቢያቆሙ ደንብ አይጥሱም። አንዷን ብቻ እንዳልነግር ስለከለከሉኝ ሁሉንም መንገር ግድ ሆኖብኛል። ሃያ ሦስት ዓመት የሆናችሁ፣ በጉዲፈቻ ያደጋችሁም የዚህ ዓይነት ነገር ሰምታችሁ የማታውቁም ሴቶች ሁላችሁ፣ እባካችሁ ሄዳችሁ የዓይናችሁን ግፊት ተለኩ። አምስት ደቂቃ ነው፤ አያምም። ልጄ ይህን ጋዜጣ ራሷ ልታነበው እንደማትችል እሰጋለሁ። አጠገቧ ያለሽ፣ እናቷም ሁኚ ጓደኛዋ፣ እባክሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።