ለአንድ እግር የሚበቃ

ጥቅምት 11 ቀን 2014
ዛሬም የእንስሳት ክሊኒኩን ከፈትኩ... ምን ቀርቶ! መደርደሪያው ተዘርፎ ባዶ። የተረፈችው ሽሮ ዕቃ ውስጥ የደበቅኋት አንዲት ጠርሙስ ማደንዘዣ ናት። ታጣቂዎቹ ኬላ ላይ ናቸው። ወደ ደሴ ማለፍ የለም፣ ወደ ወልድያም የለም፣ ስልክም የለም። መርሳ ውስጥ ታሰርኩ። ሻንጣዬ እንደታሰረች በር ሥር ቆማለች። ለምን እንደማልፈታት እንጃ።

ጥቅምት 14
ጎረቤቴ እትየ ዘሀራ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። የበሬያቸው የቦራ የግራ ኋላ እግር ላይ፣ ከሰኮናው ከፍ ብሎ፣ ፍንጣሪ ገብቶ መግል ይዟል። "መሬቴን በምን አሳርሳለሁ ልጄ? የሚስባህስ በሬ ብቻውን ምን ያደርጋል?" አሉ። ቦራና የጎረቤታችን የሚስባህ በሬ ዳለቻ ሰባት ዓመት አብረው የተጠመዱ ናቸው።

ጥቅምት 15
ሚስባህና ወንድሞቹ ቦራን ጠልፈው ጣሉልኝ። በግራ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ! የታመመው እግር ከሥር ቀረ። እትየ ዘሀራ "ያ አላህ! ልታርዱት ነው እንዴ?" ብለው ጮሁ።
ሚስባህ ራሱን እያከከ "እጃችን ለምዶ ነው" አለ። ሳቅን። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው?
አገላበጥነው። ሁለቱን ነርቭ በማደንዘዣው ወጋሁ፦ ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል፣ ከቋንጃው በላይ በውስጥ በኩል። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ቢላው ሲገባ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ፍንጣሪው ወጣ። ሲነሳ ሰኮናው ተቀልብሶ መሬት ጎተተ። "መድኃኒቱ እስኪለቀው ነው" አልኳቸው። ጠርሙሷ ተጋመሰች።

ኅዳር 16
ቁስሉ ደርቋል፤ ቦራ ደህና ይራመዳል። ምን ያደርጋል... ታጣቂዎቹ ነገ ጠዋት በሬ ይሰበስባሉ። ነድተው ስለሚወስዱ የማይራመድ አይፈልጉም አሉ።
"ዶክተር፣ ምን ይሻላል?" አለኝ ሚስባህ።
"እንጃ" አልኩት። ዋሸሁ። ጠርሙሷን እያሰብኩ ነበር። ለአንድ እግር ትበቃለች። በሬዎቹ ደግሞ ሁለት ናቸው።

ኅዳር 17
በማለዳ ቦራን ወጋሁት። ውጭውንም፣ ውስጡንም። ሚስባህ ከአጥሩ ማዶ ያየኛል።
ሲመጡ ቦራ እግሩን ይጎትታል። አንዱ በዱላ ነካ አደረገው። "ሰባራ ነው፣ ተወው።" ዳለቻን ፈተው ነዱት። እትየ ዘሀራ እጄን ሊስሙ ሲሉ ሸሸሁ።

ኅዳር 18
የውጭውን ነርቭ ብቻ መውጋት ይበቃ ነበር! ሰኮናውን የሚቀለብሰው እሱ ነው። የውስጡን የምወጋው ቢላው እንዳይሰማው ነው... ትናንት ማን ሊቆርጠው ነበር? ግማሹ መድኃኒት ለዳለቻ ይሆን ነበር። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 12
ሄዱ። መንገዱ ተከፈተ።

ጥር 20
ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ሚስባህ ከቦራ አጠገብ፣ ቀንበር ላይ ተቀምጧል። አብሮ የሚጠመድ በሬ ፍለጋ እስከ ግራና ገበያ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ልሰናበተው ቀረብኩ።
"የኔውም በሬኮ እግር ነበረው፣ ዶክተር" አለ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ በተሻለኝ...
የደሴው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሻንጣዬን መሬት አስቀመጥኩና ሁሉን ነገርኩት። ለሁለቱም ይበቃ እንደነበር፣ ውስጡን በከንቱ እንደወጋሁ። መኪናው ሄደ።
ቀንበሩን እየዳሰሰ "እጅዎ ለምዶ ነው" አለኝ።
ዛሬ ግን የሳቀ የለም።